«የቀረህ አለ?»

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ፊልም ርእሱ የችሎት ጥያቄ ነው፦ «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ የወጣው ይህ ፊልም ተመልካቹን ገና ከበር ላይ ዳኛ አድርጎ ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ ስማቸው የገነነ ፊልሞቻችንን ብናስብ የብዙዎቹ ነገር ፍርድ ነው። «ጉማ» የደም ካሳን ጉዳይ ይዞ መጣ። «ምርት ሶስት ሺህ ዓመት» ባለመሬትንና ጭሰኛን ፊት ለፊት አቆመ። «ጤዛ» አንድ ትውልድ ራሱን የከሰሰበት ነው። «ድፍረት» ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰች ልጅ ታሪክ ነው። «ቁራኛዬ» ደግሞ ከሳሽንና ተከሳሽን በአንድ ሰንሰለት አቆራኝቶ ወደ ዙፋን ችሎት ይነዳቸዋል።

ይህ ሊደንቀን አይገባም። ኩታውን እያጣፋ፣ ዘንጉን እየሰበቀ «በላ ልበልሃ» እየተባባለ ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ካሜራ ቢያገኝ ሌላ ምን ይቀርጻል? ሙግት ለአያቶቻችን መብት ማስከበሪያ ብቻ አልነበረም፤ ቲያትራቸውም ነበር። ጉዳይ የሌለው ሰው ሳይቀር ነገር አዋቂ ሲናገር ለመስማት ሸንጎ ይውል ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ፊልሙ ራሱ እንዴት ያለ ዳኛ እንደሆነ ነው። እኛስ «ግሩም ነው»፣ «አይረባም» ብለን በፊልሙ ላይ የምንፈርደው በየትኛው ሥርዓት ነው?

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ እኔ በምኖርባት የጎጃሟ ብቸና ፊልም የሚገባው በፍላሽ ሆነ። አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሰው ይዞ ይመጣል፤ ከእሱ ደግሞ ሁሉም ይገለብጣል። መምረጥ የለም። የኃይሌ ገሪማ ፊልም፣ የኢራን ፊልም፣ የቱርክ ተከታታይ ድራማ፣ የሰርግ ቪዲዮ ሳይቀር በአንድ ፍላሽ ተጨናንቀው ይደርሱናል። ልማዱ እስካሁን አለ፤ እኔም አልጠላሁትም። መርጦ የሚያይ ሰው ራሱን ደጋግሞ ያያል፤ የደረሰውን የሚያይ ግን ካልጠራው ሰው ጋር ይቀመጣል።

ከእኔ ጋር የሚያዩት የአባቴ ወዳጅ ናቸው። አያ እያልኩ የምጠራቸው፣ ዕድሜያቸውን በሽምግልና የጨረሱ፣ ደም ለማድረቅ ከቀበሌ ቀበሌ ሲጠሩ የኖሩ አዛውንት። ፊልም ሲያዩ አይናገሩም። «ይሄ ማነው?» አይሉም፤ ቡና ቢቀርብላቸው እንኳ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ነው ስኒውን የሚቀበሉት። ሽምግልና ላይም እንዲሁ ናቸው። ሁለቱን ወገን እስኪበቃቸው ያናግሩና፣ ከመፍረዳቸው በፊት ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «የቀረህ አለ?» ሰውየው «አለኝ» ካለ ይቀጥላል። «የለኝም» እስኪል ድረስ ውሳኔ አይነገርም። «ቃሌ ሳይሰማ ተፈረደብኝ» የሚል አንድ ሰው ከቀረ፣ ያ ሰው ውሎ አድሮ እርቁን ያፈርሰዋልና ነው።

«ምርት ሶስት ሺህ ዓመት»ን አይተን ስንጨርስ፣ ባለመሬቱ ከበበ በተባለው ገጸ ባሕርይ እጅ ወድቆ፣ አያ ጋቢያቸውን ሰበሰቡና፣ «መሞቱስ ይሙት፤ ግን የቀረህ አለ ብሎ የጠየቀው የለም» አሉ። ለባለመሬት አዝነው አልነበረም። ሥርዓቱ ጎድሎባቸው ነው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ይህን ጥያቄ ላየሁት ፊልም ሁሉ አቀርበዋለሁ፦ ፊልሙ ሊፈርድበት የተነሣውን ሰው የቀረውን ጠይቆታል ወይ?

ከራሱ ከ«ምርት ሶስት ሺህ ዓመት» ልጀምር። ኃይሌ ገሪማ ፊልሙን የቀረጸው አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ፣ በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ ፊልም ነው። ቤተሰቡ ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፤ በሬ ይጠመዳል፤ ውሃ ይቀዳል፤ ከብት ይሰማራል። ካሜራው አይቸኩልም። ከተሜው ተመልካች «መቼ ነው የሚጀምረው?» ይላል፤ ገበሬው ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ አንሥቶ ተጀምሮለታል። ምስክሩ በአፉ አይናገርም፤ ቀኑን ሙሉ ጎብጦ በሚታየው ጀርባው ነው ቃሉን የሚሰጠው። እንዲህ ያለ ምስክርነት በእኛ ፊልም ውስጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ባለመሬቱስ? እሱ ተቀምጦ ይጮኻል፤ ይሳደባል፤ ያዛል። ሲናገር ብዙ እንሰማዋለን፤ ሲያስብ ግን አናየውም። ምን እንደሚፈራ፣ መሬቱን ከየት አገኘሁት እንደሚል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ አንድም የተነገረን ነገር የለም። ገና ሲገባ ተፈርዶበት የገባ ሰው ነው።

ይህ ጉድለት ለእኛ አገር ሰው ጎልቶ የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎጃም የርስት አገር ነበር። የገበሬው ስጋት በወንበር የተቀመጠ ባለመሬት ሳይሆን ገመድ ይዞ የሚመጣ መሬት ለኪ ነበር። የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ በ1960 ዓ.ም. ብቸናና ሞጣ ግንባር ቀደም ሆነው ያመፁት «ርስታችን ሊለካ፣ ከዚያም ሊወሰድ ነው» ብለው ነው፤ አመፁም ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን ከቦታቸው እስከማስነሣት ደረሰ። ስለዚህ እዚህ አገር በዳይና ተበዳይ እንደ ፊልሙ በወንበርና በማረሻ ተለያይተው አይታዩም። የበደለህ ሰው የአያትህ ወንድም ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ነገ ሰርግ ላይ አብሮህ ይቀመጣል። ዘመድህ በሆነ ሰው ላይ ደግሞ ቃሉን ሳትሰማ መፍረድ አትችልም።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ትልቁ ባላባት የተቀመጡት እዚሁ አጠገባችን ዲማ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬውን ከወትሮው በላይ ሲያስከፍሉ ገበሬው ይነሣባቸዋል፤ በአበጀ በለው መሪነትም ይማርካቸዋል። የብቸናና የሞጣ ገበሬ በእውን የተነሣው መጽሐፉ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ነገር ግን ሐዲስ እኚህን ሰው አፋቸውን አልዘጉባቸውም። ስለ ዘራቸው፣ ስለ ጀግንነታቸው፣ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን የሚመጥን ባል ስለ መጥፋቱ ያሻቸውን ያህል እንዲናገሩ ፈቀዱላቸው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርካቸው ደግሞ ድምፅ አገኙ፤ አገር ሁሉ ሳቀባቸው፤ አዘነላቸውም። ውጤቱ ምን ሆነ? ባላባትነትን እስከ ወዲያኛው የቀበረው ያ ሳቅ ነው። ፊታውራሪ የቀራቸው አንድም ነገር ስላልነበረ ይግባኝ የሚሉበት ቦታ አጡ። የ«ምርት»ን ባለመሬት ግን ዛሬም «እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም» ብሎ የሚከራከርለት ልጅ ይኖረዋል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ከባድም ነው። ሲናገር የኖረው ባለመሬቱ ነው። አዋጁ የእሱ፣ ዜና መዋዕሉ የእሱ፣ ችሎቱም የእሱ ነበር። ጭሰኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢያገኝ ከዚያች ላይ ለጌታው ቆርሶ ይስጥ ማለት ግፍ አይሆንም? ይሆናል። ስለዚህ ሚዛኔን ላርመው፦ ፊልም ብቻውን ሙሉ ችሎት መሆን የለበትም፤ በረጅም ሙግት ውስጥ የአንድ ወገን ተራ ሊሆን ይችላል። ከሳሽ ተራው ሲደርስ የተከሳሽን ጥብቅና አይሠራም። «ምርት ሶስት ሺህ ዓመት» የከሳሽ ቃል ነው፤ እንደ ከሳሽ ቃል ካየነው ደግሞ ወደር የለውም። ስህተቱ የሚመጣው የከሳሽን ቃል ውሳኔ አድርገን ስንይዘው ነው። ያንን ስህተት የሠራው ፊልሙ አይደለም፤ ፊልሙ ባለቀ ማግሥት የመጣው ዘመን ነው።

ኃይሌ ገሪማ ራሱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ«ጤዛ» የተመለሰበትን ምክንያት በዚህ ዓይን ነው የማየው። በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ፣ በተከታዩ ዓመት በዋጋዱጉ የተሸለመው ይህ ፊልም በራስ ላይ የቀረበ ይግባኝ ነው። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ አብዮት አልሞ፣ አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለችው እናቱ ቤት ይመለሳል። ወጣቶቹ ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። ለጭሰኛው ሊፈርድ የተነሣው ትውልድ አሁን የጭሰኛውን ልጅ እያሳደደ ነው። አንበርብርን አስነሥተው «ራስህን ሂስ አድርግ» ሲሉት ደግሞ የተገለበጠ ሽምግልና እናያለን፦ ሰውየው እንዲናገር ይገደዳል፤ የሚናገረው ግን የተጻፈለትን ብቻ ነው። «የቀረህ አለ?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ ማሰቃየት እንደሚቻል ከዚህ ትዕይንት ተማርኩ።

ሆኖም «ጤዛ»ም ዕዳ አለበት። ጠመንጃ አንግተው መንደሩን የሚያምሱት ወጣቶች ቃል አያገኙም፤ እነሱም የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። በመንደሩ የተገለለችው አዛኑ ደግሞ ለአንበርብር መዳኛ ሆና ትመጣለች እንጂ ሙግቷን ለራሷ ስታቀርብ በቅጡ አልሰማኋትም። ምሁሩ ሲናዘዝ የሚያዳምጠው ካሜራ፣ ሴቲቱ ጋ ሲደርስ ይቸኩላል።

ሴትዮዋ ባለጉዳይ የሆነችበትን ፊልም ካነሣን «ድፍረት» አለ። ዘረሰናይ ብርሃነ የመራው ይህ ፊልም መነሻው በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የተፈጸመ እውነተኛ ጉዳይ ነው። ገና የ14 ዓመት ልጅ የነበረችው አበራሽ በቀለ የጠለፋትን ሰው ገደለች፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ያቋቋሙት መዓዛ አሸናፊም ጉዳዩን ይዘው ተሟገቱ፤ ልጅቱ ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎ በነጻ ተለቀቀች። ፊልሙ ከከተማው ችሎት ይልቅ ዛፍ ሥር በተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት ይበረታል። ልጃቸው የሞተባቸው ወገኖች ይናገራሉ፤ የልጅቱ አባት ይናገራል። ማንም ሞኝ ተደርጎ አልተሳለም፤ ጠለፋን «የአባቶቻችን ወግ» የሚለው ሰው እንኳ ከልቡ ነው የሚናገረው። የቀራቸው እንዳይኖር አድርጎ ነው ፊልሙ የረታቸው። ለዚህ ነው ጠለፋን በምታውቅ አገር ሰው ፊት ይህን ፊልም ማሳየት የሚቻለው።

ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ፊልሙ ለተጋባዦች ሊታይ ሲል በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። አበራሽ በቀለ ታሪኬ ያለ እኔ ፈቃድ ተሠራ ብላ ነበር። በኋላ ተስማምተው ፊልሙ ታየ። እኔ ግን ያን ምሽት ከፊልሙ መለየት አልችልም። ዝም የተባለችን ልጅ ሊያናግር የተነሣ ሥራ፣ በሕይወት ያለችውን ሴት የቀራትን ሳይጠይቅ በር ላይ ደርሶ ተገኘ። በፊልሙ ውስጥ ያለው ፍትሕ አንድ ነገር ነው፤ ፊልሙ የተሠራበት ፍትሕ ደግሞ ሌላ። ሁለተኛው ሲጎድል የመጀመሪያው ሐሰት አይሆንም፤ ዕዳው ግን አብሮት ይኖራል።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ችሎት የለውም፤ ጠበቃም የለውም። በ2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም እናቱ በድርቅ ዘመን ሞታበት፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ከዘመድ ቤት ትቶት ሲሄድ ከበጉ በቀር ወዳጅ የለውም። አጎቱ በጉን ለበዓል ሊያርደው ይፈልጋል። እዚህ ላይ ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን አጎትየውን ጨካኝ ያደርገው ነበር። ያሬድ ግን ጎተራውን አሳየን። አፍ በዝቷል፤ እህል የለም፤ ልጁ ደግሞ እርሻ አይችልም፤ የሚችለው ወጥ መሥራት ነው፤ ይህም ለአጎቱ ውርደት ነው። አጎትየው ትክክል ነው፤ ልጁም ትክክል ነው። አያ ይህን ፊልም ሲያዩ «ይሄ ነገር ለሽማግሌም ያስቸግራል» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

የኢራኑ አስጋር ፋርሃዲ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው «መለያየት» የተሰኘ ፊልም በዚህ መንገድ ሩቅ የሄደ ነው። ሲጀምር ባልና ሚስት ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ይከራከራሉ፤ ዳኛው አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል፤ የእሱ ወንበር ላይ ያለነው እኛ ነን። ከዚያ አንዲት ድሃ ሠራተኛ ፅንስ ይወርድባታል፤ ጥፋቱ የማነው የሚለው ሙግት ይከተላል። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ በቁርኣን ማይ ትባላለች፤ ካሳው ቢያስፈልጋትም እርግጠኛ ስላልሆነች አትምልም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ መማል ምን እንደሆነ የሚያውቅ የሞጣ ሰው ለዚህ ትዕይንት አስተርጓሚ አይፈልግም። ፋርሃዲ የባልና ሚስቱ ልጅ ከእናትና ከአባቷ ማንን እንደመረጠች አይነግረንም። ማን እንደዋሸ ግን አልደበቀም። ፍሬ ነገሩን አጣርቶ ፍርዱን ለእኛ ተወ።

ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል፤ ሁሉን መስማት በራሱ ፍትሕ አይደለምና። የቱርክ ተከታታይ ድራማን ተመልከቱ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ካሰማን ወዲህ ያልለመደው ቤት የለም። መቶ ክፍል ስላለው ለክፉዋም ጊዜ አለው፤ ልጅነቷን ያሳየናል፤ እንባዋን ያሳየናል። ትናንት ስትረገም የነበረችው ዛሬ «እሷም እኮ ወዳ አይደለም» ይባልላታል። በመጨረሻ ጥፋተኛ የሚባል ሰው ይጠፋል፤ በደሉ ግን እዚያው እንዳለ አለ። ይህ ሽምግልና ሳይሆን ሐሜት ነው። ብዙዎቹ የአዲስ አበባ የፍቅር ፊልሞች ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታሉ፤ ሀብታሙ ሰውዬ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ከመኪናው ሲወርድ አልቆለታል። አንዱ የቀረውን ሁሉ ሰምቶ አይፈርድም፤ ሌላው ፈርዶ ይጀምራል።

የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» በሁለቱ መካከል የሚያልፍ መንገድ አሳይቶኛል። ታሪኩ የሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። የቅኔ ተማሪው የቀድሞ ፍቅሩን የባላባት ሚስት ሆና ያገኛታል፤ ባላባቱ ይከሰዋል፤ በጥንቱ ወግ ሁለቱ ተቆራኝተው ወደ ዙፋን ችሎት ይጓዛሉ። ያ ወግ ዛሬ ሲታይ ያስቃል፤ ውስጡ ግን ብልኃት ነበረው። ከሳሽ መክሰሱ ዋጋ ያስከፍለዋል። ተከሳሹ የወጣውን ዳገት እሱም ይወጣል፤ ተከሳሹ የተኛበት መሬት ላይ እሱም ይተኛል። በሰንሰለት የተቆራኘ ሰው ደግሞ ጠላቱን ሲያንኮራፋ ይሰማዋል፤ ሲርበው ያየዋል። ከጎኑ ያደረውን ሰው በሩቅ እንደሚያውቀው አድርጎ መክሰስ አይቻለውም። ክርክሩ ስለ ሴቲቱ ሆኖ መንገዱን የወንዶቹ ማድረጉ ቅር ቢያሰኘኝም፣ በዳይን እንዴት እንቅረጸው ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም። ካሜራው ከሚፈርድበት ሰው ጋር ታስሮ ይጓዝ፤ ሲደርስ ይፍረድ።

እንግዲህ ደረጃ ስጥ ብባል፣ በፍትሕ «ላምብ» ይቀድማል፤ በክብደት «ምርት ሶስት ሺህ ዓመት»ን የሚያህለው የለም፤ «ጤዛ» ከሁለቱም ይልቅ ያስፈልገናል። የምመኘው ፊልም ግን ገና አልተሠራም። እሱም እዚሁ የጥኖራ ነው።

የጥኖራ በደርግ ዘመን ለአገር ሁሉ አርአያ ተብሎ የሚጠቀስ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር። ርስቱ እንዳይለካ በ1960 ዓ.ም. ካመፀው አገር መካከል፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላ መሬትና በሬ በጋራ የሚያዝበት ሞዴል ተተከለ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አምራች ማኅበራት በየቦታው ፈረሱ፤ የጥኖራም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። «ምርት ሶስት ሺህ ዓመት» የከሰሰው፣ «ጤዛ» የተጸጸተበት ነገር ሁሉ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ተሰብስቦ ተቀምጧል፤ ያዩት ሰዎችም ገና በሕይወት አሉ።

በሬውን በግድ የሰጠውን ገበሬ ማናገር ቀላል ነው፤ ሁላችንም ከወዲሁ ከእሱ ጋር ነን። በጋራው እርሻ መልካም ዘመን ያየሁት ያኔ ነው የምትለዋን፣ ርስት ያልነበራትን ሴት ማናገር ይከብዳል። ከሁሉ የሚከብደው ካድሬው ነው። ይህን ፊልም ለመሥራት የሚነሣ ሰው ካለ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ካድሬውን አያሳጥርብኝ። ያመነበትን፣ የፈራውን፣ ማታ ለሚስቱ የነገራትን ጨርሶ ይናገር። ቃሉን እስከ መጨረሻው ለመስማት አቅም ካጣን፣ በእሱ ላይ የሰጠነው ፍርድ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን የራሳችን አይደለም፤ ከሌላ ተቀብለን የምናወራው ነው።